መዓዛ ያለው የገና ሊጥ

በገና ሰሞን አባት በአገልግሎት ይጠመዳል፤ ልጆችም ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው ይውላሉ። እስቲ 2 ስኒ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ስኒ ደቃቅ ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ቀላቅሉ። 1 ስኒ ያህል ውኃ ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ ከልጆቹ ጋር እሹት። የተፈጨ ቅርንፉድ ከታከለበትማ ቤቱን ያውደዋል!

ዳምጣችሁ በቡና ስኒ አፍ ክብ ክቡን፣ በቢላ ኮከቡን ቁረጡ። ለክር ማስገቢያ ብሱትና ፀሐይ ላይ እያገላበጣችሁ ለጥቂት ቀናት አድርቁት። ጨው ስለበዛበት ሕፃናት እንዳይበሉት አደራ፤ ክፉኛ ይጎዳቸዋል።

ኮከቡ ቢጣመም አታስተካክሉባቸው። እጃቸው ሊጡ ውስጥ እያለ ስለ ቤተ ልሔም መጠየቃቸው አይቀርም፤ ዘዳግም 6፥7 በቤት ተቀምጠን ለልጆቻችን እንድንናገር ያዘዘን ለእንዲህ ያለው ጊዜ ጭምር ነው። አባትም፣ መጋቢ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ምሽት ከስብሰባ ቀርቶ አብሮ ያቡካ።