ጠላችንስ ስም የለውም እንዴ?

ቤት የተጋገረ ፓይ ከወይን ጋር እያጣጣሙ መቅመስ የከተሜ ወግ ሆኗል። ለሥጋው ፓይ ቀዩ ወይን፣ ለፖሙ ፓይ ጣፋጩ፣ ማሳረጊያው ላይ ኮኛክ። እሰየው ነው፤ አንቃወምም። ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2014 የዝዋዩን ወይን ገበያ ላይ ካዋለ ወዲህ ደግሞ ብርጭቆው ውስጥ ያለውም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ቅር የሚለን ጥበቡን ከባሕር ማዶ የመጣ ብቻ አድርገን ማየታችን ነው።

እስቲ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ሄደን ጎብዬ እንውረድ። ራያ ቆላው የማሽላ አገር ነው፤ እንጀራውም ጠላውም ከማሽላ ይወጣል። ፓይ ማለት በሊጥ መሐል ጣዕም መደበቅ ከሆነ፣ በሁለት ቂጣ መሐል ቅቤና በርበሬ የሚያነባብሩት እናቶቻችን አነባበሮን ምን ሊሉት ነው? ቅቤው ምላስ ላይ ሲጋደም የጠላው ጌሾ በምሬቱ ይጠርገዋል። ቀይ ወይንም የሥጋን ስብ የሚጠርገው በዚሁ መንገድ ነው። አረቄ ግን ከቆሎ ወይም ከደረቅ ዳቦ ጋር ያምርበታል፤ ጠንካራ መጠጥ የበርበሬን ማቃጠል ያብሳልና። የጠጅ ጣፋጭነት ደግሞ የወጡን ቃጠሎ ያበርዳል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ በሚደግስበት ወሎ፣ ለማይጠጣው እንግዳ ቅሪቦና ብርዝ አለ። ከዚህ በላይ ምን ማጣጣም አለ?

ልዩነቱ ክብሩ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ ወይኑን ከፓዩ ጋር የሚያዛምደው «ባለሙያ» ይባላል፤ ይከፈለዋል። ብቅል አብቅላ፣ አሻሮ ቆልታ፣ ጋን አጥና፣ ቀናት ጠብቃ የምታቀርበው ሴት ግን «ጠላ ሻጭ» ናት፤ ቃሉም ስድብ ሆኗል። ልጇን «እንደ እኔ እንዳትሆኚ» ብላ ብታስተምር ማን ይፈርድባታል? ልጅቷ ስትማር ደስ ይለናል። እጁ ግን ከእናቲቱ ጋር ሊቀር ነው።

ስም ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በይርጋጨፌ፣ በሐረርና በሲዳሞ ስም ነበር። ጎብዬ ራሷ ስሟ በዘር መዝገብ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከደከሙባቸው፣ አቀንጭራን ከሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል። ዘሩ ስም አለው፤ ከማሽላ የሚጠመቀው ጠላ ግን የለውም።

«መጠጥ ልታስፋፉ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቤት አረቄ ጥንካሬው ሳይለካ ይሸጣል፤ ሰው ይጎዳል። መፍትሔው ግን ማፈር አይመስለንም። ያፈሩበት ነገር በጓዳ ይሸጣል፤ በጓዳ የሚሸጠውን ደግሞ ማንም አይለካውም። የጠማቂዋ ስም፣ የእህሉ ዓይነት፣ የተጠመቀበት ቀንና የአረቄው ጥንካሬ ይጻፍ። የአልኮል መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም፤ የሴቶች ማኅበራት በጋራ ሊገዙት ይችላሉ።

ፓይ ጋጋሪ ወዳጆቻችንም፣ በቀጣዩ የቅምሻ ምሽት ከወይኑ ጎን አነባበሮና አንድ ጣሳ ጠላ ጨምሩ። የጠመቀችውንም ሴት ጥሩ፤ እሷው ታስረዳ፣ ይከፈላትም።

ቸር እንሰንብት።