ተዝካርና ድግስ

ለሞተ ሰው መጸለይ የቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥርዓት መሆኑን የሚክድ የለም፤ በዚህም ላይ ክርክር አይነሣም። ክርክሩ ከጸሎቱ ጋራ ተጣብቆ ስላደገው፣ ዛሬም ከጸሎቱ ገዝፎ ስለሚታየው ስለ ድግሱ ነው። አንድ ልማድ ጥቅሙን ከጨረሰ በኋላ አባቶች ይዘውት ኖሩ በመባሉ ብቻ ሲጎተት የሚያደርሰውን ጉዳት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ባልዋ በሞተ በዐርባኛው ቀን የእርሻ በሬዋን ለዕርድ የምታቀርበውን ሴት ቢመለከት ይበቃዋል።

ሣልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ፤ ሰባት ዓመትም የሚያወጡ አሉ። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ቅዳሴና ፍትሐት ቢደረግ ቤት አይፈርስም፤ ዕጣንና መገበሪያ ማንንም አላደኸየም። ቤት የሚፈርሰው ከቅዳሴው በኋላ ነው። ጠላው ይጠመቃል፤ ጠጁ ይጣላል፤ እንጀራው ሌሊትና ቀን ይጋገራል፤ ሰንጋው ይወድቃል። ገንዘቡ ያልበቃው ይበደራል፤ አበዳሪውም በዳሱ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ይበላል። ክረምት ሲገባ ልጆቹ የሰው በሬ ይለምናሉ። በከተማ ዳሱ የኪራይ ድንኳን ሆኗል፤ ጠላውም በቢራ ሣጥን ተተክቷል፤ ዕዳው ግን እንዳለ ነው።

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ትእዛዝ ነው የሚሉ አሉ፤ መጽሐፈ ጦቢትንም ምስክር ያደርጋሉ። ጦቢት በጻድቃን መቃብር ላይ እንጀራ ስለ መስጠት ልጁን መምከሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ቃል አስቀድሞ የመከረው የተራበውን ስለ ማብላትና የታረዘውን ስለ ማልበስ ነው። በሐዋርያት ስም በሚጠራው በጥንቱ ሥርዓትም ሣልስቱና ሙት ዓመቱ በመዝሙርና በጸሎት እንዲታሰብ፣ ከሟቹም ገንዘብ ለድኾች እንዲሰጥ ታዝዟል። ከሟቹ ገንዘብ እንጂ ከአበዳሪ ገንዘብ አልተባለም፤ ለድኾች እንጂ ለጎረቤትና ለሹም አልተባለም። ለመታሰቢያ የተጠሩት፣ ይልቁንም ቀሳውስቱና ዲያቆናቱ፣ ከስካር እንዲጠበቁ በዚያው ሥርዓት ተጽፏል፤ ይህን ክፍል ግን በዳስ ውስጥ የሚያነብብ አይገኝም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደርበትን ርስት አጣች፤ ካህኑም የምእመናንን እጅ ተመልካች ሆነ። የአብነት ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ድግሱ ቢቀር እነዚህን ማን ያበላቸዋል? ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ተማሪው የሚራበው ዓመቱን ሙሉ ሲሆን ድግሱ የሚያጠግበው አንድ ቀን ነው፤ ያውም የተከበሩት እንግዶች ከተነሡ በኋላ፣ ከደጅ ቆሞ ከጠበቀ። የአንድ ሰንጋ ዋጋ እህል ሆኖ ጉባኤ ቤቱ ቢገባ ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ የኔታን መጠየቅ ነው። ለካህኑም ቢሆን የድካሙ ዋጋ በግልጽ ቢሰጠው በብርሌ ከሚከፈለው ይሻለዋል።

ልማዱን አስሮ የያዘው ግን መጽሐፍም አይደለም፣ ርኅራኄም አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። ሟቹ እንደ ውሻ ተጣለ እንዳይባል ሕያዋኑ ይራቆታሉ። ይህን ይሉኝታ ድኻው ሊሰብረው አይችልም፤ እርሱ ቢተው ንፉግ፣ ወይም ያጣ የነጣ ይባላል። ሰንጋ ለመጣል ዐቅም ያለው ባለጸጋ፣ በዐደባባይም የሚታወቅ ሰው ቢተወው ግን ለጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ይከፍታል። እስከ ዛሬ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ባለጸጋው ድንኳኑን ባሰፋ ቍጥር ድኻው ብድሩን ያበዛል።

ድግሱ ከቀረ ነፍስ ትጎዳለች የሚል ሰው ቢኖር 2012 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ዓመት ስለ ኮሮና ወረርሽኝ ሕዝብ እንዳይሰበሰብ በዐዋጅ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ወራት የሞቱት ከጥቂት ሰው ጋራ ተቀበሩ፤ ካህናቱም ጸለዩላቸው። ሰንጋ አልታረደላቸውምና ምሕረት ቀረባቸው ብሎ ያስተማረ ካህን ማን ነው? ክልከላው በተነሣ ጊዜ ግን ብዙ ቤት ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ አንዳንዱም ያለፈውን ለማካካስ አብዝቶ ደገሰ።

ለቅሶ በደረሰበት ቤት ቃሉ የሚሰማው የነፍስ አባት ነው። ልጆቹ አጎታቸውን ሊቃወሙ፣ መበለቲቱም የባልዋን ዘመዶች ዝም ልታሰኝ አትችልም፤ እርሱ ግን ይችላል። አፉን የሚይዘው ከዚያው ማዕድ የሚቈርስ መሆኑ ነው። ሆኖም ለሣልስቱ በተሰበሰቡት ዘመዶች ፊት ቆሞ፣ ጌሾው ሳይወቀጥና ብድሩም ሳይወሰድ፣ ቅዳሴው ይበቃል፣ በሬው ይቅር ብሎ መናገር ያለበት እርሱ ነው።