ስለ አባ ኮዳ ጠባይና ሥራ

ብዙ ሰው አባ ኮዳን ባየ ጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ልጆችም ድንጋይ ያነሡበታል። ነገር ግን በማናቸውም ፍጥረት ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ ሥራውን መመርመር የሚገባ ስለ ሆነ፥ ስለዚህ ወፍ ጠባይ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል።

አባ ኮዳ ከሽመላ ወገን ነው። የሚኖረውም ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው በአፍሪካ ምድር ነው፤ በአገራችንም በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ ዳር፥ ዓሣ አጥማጆች በሚሰበሰቡበት ስፍራ በብዛት ይታያል። ፈረንጆች ማራቡ ይሉታል፤ በሊቃውንት መዝገብ ስሙን ያገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓመት ሌሶን የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ተኩል፥ ክብደቱም እስከ 9 ኪሎ ይደርሳል።

ሰው የሚጠላበት ነገር ሁሉ ለሥራው መሣሪያ ሆኖ ይገኛል። ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው መሆኑ፥ በጥንብ ውስጥ ሲያገባው ደምና ስብ እንዳይጣበቅበት ነው። እግሩ ነጭ መስሎ የሚታየው በገዛ ኩሱ ስለሚቀባው ነው፤ ይኸውም እርጥበቱ ሲደርቅ ሰውነቱን ከሙቀት ያበርድለታል። በአንገቱ የተንጠለጠለውን ከረጢት ብዙዎች የምግብ ማኖሪያ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን አየር ብቻ የሚሞላበት ሲሆን፥ ለጓደኛው የሚታይበትና ጠላቱን የሚያስፈራበት ነው።

አፉ ታላቅ ቢሆንም የሞተ እንስሳ ቆዳ ለመቅደድ አይችልም። ስለዚህ ጥንብ አንሣ አሞራ እስኪቀድለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያም ቁራጩን ነጥቆ ይውጣል። ከጥንብ ሌላ ዓሣ፥ እንቁራሪት፥ አይጥና አንበጣ ይበላል፤ የሣር ቃጠሎ በተነሣም ጊዜ ከእሳቱ ፊት ፊት እየኼደ የሚሸሸውን ሁሉ ይለቅማል።

ስለ ቤተ ሰቡ አያያዝ ደግሞ የሚነገር መልካም ነገር አለው። በበጋ ወራት ወንዱ አስቀድሞ በዛፍ ላይ ስፍራ ይይዛል፤ ሴቲቱ በመጣች ጊዜ መጀመሪያ እንደ ባላጋራ ያባርራታል፥ እርሷም ታግሣ ስትመላለስ ይቀበላታል። ከዚያ በኋላ ጎጆውን በአንድነት ሠርተው፥ 2 ወይም 3 ዕንቁላል ለ30 ቀን ያህል እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ ከ3 ወር በላይ በጎጆ ይቆያሉ፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ አባትና እናት እኩል ይመግባሉ። ለራሳቸው ጥንብ የሚበቃቸው ሲሆኑ፥ አጥንታቸው ገና ላልጸና ልጆቻቸው ግን ትኩስ ዓሣና እንቁራሪት ይፈልጉላቸዋል። በጋን የመረጡትም ውሃው ጎድሎ ዓሣው በጥልቅ ስለማይሸሸግ ነው።

ከጅራቱ ሥር ያለው ነጭና ለስላሳ ላባ ባለፉት ዘመናት ለአውሮፓ ወይዛዝርት ባርኔጣና ልብስ ማስጌጫ በመሆን በብዙ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ወፉን አስቀያሚ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው፥ የርሱን ላባ ለውበት ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ አባ ኮዳ ከዱር ይልቅ ወደ ከተማ ቀርቦአል። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ በመንገድ ዛፎች ላይ ጎጆ ይሠራል፤ የቄራና የገበያ ጥራጊ ይለቅማል። ዘሩም ለመጥፋት የተቃረበ አይደለም። ነገር ግን ደም ወይም ስብ የነካውን ሁሉ ሳይለይ ስለሚውጥ፥ ላስቲክና ብረት ጭምር ወደ ሆዱ ይገባል። ቆዳ የሚቀድለት ጥንብ አንሣም በአፍሪካ በመርዝ እያለቀ ነው፤ ሰው ለጅብና ለአንበሳ ብሎ መርዝ የነሰነሰበትን ሥጋ አሞራው ቀድሞ ይበላዋልና። አሞራው ሲጠፋ ጥንቡ በየሜዳው ይቀራል፤ አባ ኮዳ ብቻውን አይጨርሰውም።

እንግዲህ ከየቤታችን የሚወጣውን ጥራጊ ስንጥል፥ የምግቡን ትርፍ ከላስቲኩና ከብረቱ መለየት፥ በሥጋም ላይ መርዝ አለመነስነስ የኛ ፈንታ ነው። ልጆቻችንም ድንጋይ ሲያነሡ ብናይ፥ ይህ ወፍ ያለ ደመወዝ የሚያገለግለን ጠራጊ መሆኑን እንንገራቸው።