ከፍንዳታው ይልቅ ደካማው ተኩስ ያስፈራል

በአሜሪካ የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ፣ አዲስ ለኳሽ (ማቀጣጠያ)፣ ባሩድና አረር እየሞላ የሽጉጥ ጥይት በቤቱ የሚያዘጋጅ ሰው ብዙ ነው። ለግል መጠቀሚያ እስከሆነ ድረስ የፌዴራሉ ሕግ ፈቃድ አይጠይቀውም። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ጥይቱ ሲቀረቀር ወይም አልተኩስ ሲል ነው። ከሁሉ በላይ መፈራት ያለበት ግን ድምፁ ደከም ያለው ተኩስ ነው። ባሩድ ያልገባበት ጥይት በለኳሹ ኃይል ብቻ አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊተወው ይችላል። ተኳሹ ሳያስተውል ቃታውን ከደገመ፣ ቀጣዩ አረር የተዘጋ መንገድ ይገጥመዋል፤ ሽጉጡ ሊፈነዳ፣ እጅና ዓይንም ሊጠፋ ይችላል።

ተቃራኒው ስህተት፣ ባሩድን ሁለቴ መሙላት፣ ምንጩ ያው የትኩረት ማነስ ነው። የ.38 ስፔሻል የሽጉጥ ጥይት ቀለሃ በ1898 እ.ኤ.አ. ለጥቁር ባሩድ የተሠራ በመሆኑ ሰፊ ነው፤ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ጥቂት ስለሚበቃ እጥፍ ቢጨመርም ላይፈስና ስህተቱ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል። «ፋብሪካም ይሳሳታል» የሚለው መከራከሪያ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካ ስህተቱን ሲደርስበት ምርቱን በመለያ ቁጥሩ ከገበያ ይሰበስባል። ቤቱ የሚሠራው ሰው ከራሱ ዓይን ሌላ ተቆጣጣሪ የለውም። «ልምድ አለኝ» ማለትም መልስ አይሆንም፤ እጅ ሥራውን ሲለምድ ሐሳብ ወደ ሌላ ይሄዳልና። ስለዚህ አረሩን ከመግጠማችሁ በፊት እያንዳንዱን ቀለሃ በብርሃን ተመልከቱ። ተኩሱ ድምፁ ካነሰባችሁም ወዲያው አቁሙ፤ ጥይቱን አራግፋችሁ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ሳታረጋግጡ ቃታ አትሳቡ።