ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ትምህርትና ስለ አንድ ቤተ ሰብ ሥጋት

ባለፈው ኅዳር ወር በአንድ እሑድ፥ በለንደን ከተማ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፥ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀርበው በነጠላቸው ሸፍነው የያዙትን ትልቅ ደብተር እንድንመለከትላቸው ለመኑን። ሻይ ወደሚጠጣበት አዳራሽ አብረን ገብተን በአንድ ጥግ ተቀመጥንና ደብተሩን ገለጥነው። በውስጡ በከሰል የተሣሉ የሰው ሥዕሎች ነበሩ፤ አንዱ ቆሟል፥ አንዱ ተቀምጧል፥ አንዱ ክንዱን ዘርግቷል፥ ሌላው ጀርባውን አዙሯል። ከሁሉም ግን ልብስ የለበሰ አልነበረም።

ደብተሩ የልጃቸው ነው። ልጅቱ የደመራ በዓል ሊከበር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በደቡብ እንግሊዝ ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ፥ በኮምፒዩተር አኒሜሽንና በዲጂታል ሥነ ጥበብ የዲግሪ ትምህርት ጀምራለች። ለሁለት ቀን ወደ ቤት በመጣች ጊዜ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትታው ኖሮ አባቷ አዩት። «እስከ ማታ አንድ ቃል አልተነፈሰም» ሲሉ እናቲቱ ነገሩን። «በመጨረሻም የተናገረው፥ ለዚህ ነው ወይ ዕዳ ውስጥ የገባነው? የሚል ብቻ ነው። እናንተ ጽሑፍ የምትጽፉ ናችሁና፥ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ ንገሩኝ።»

እኛም በዚያ ሰዓት የሰጠናቸው መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ወደ ቤታችን ተመልሰን ስናስብበት ግን፥ ጥያቄው የእኒህ እናት ብቻ አለመሆኑን ተረዳን፤ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ «ሥዕል የሚንቀሳቀስበትን እማራለሁ» የሚል ቃል የሰማ ወላጅ ብዙ ነውና። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚሁ ነገር ሰጥተነዋል። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አኒሜሽን የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ ሥሩ ነፍስና እስትንፋስ ማለት ነው። በቋንቋችን «ነፍስ ዘራበት» እንደምንለው ያለ ነው። በዚህ ትምህርት ስማቸው ከታወቀው ቦታዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በቦርንማዝ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የኮምፒዩተር አኒሜሽን ማዕከል ነው፤ የተመሠረተውም በ1989 ነው። ስሙን የሰማ ሰው ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚውል ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በእንዲህ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጀማሪው በመጀመሪያ ወረቀትና ከሰል ይዞ ሕያው ሰው ፊት ይቀመጣል። ለመግባት ሲያመለክትም መምህራኑ ሊያዩለት የሚሹት ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ ጀግና ሳይሆን፥ በዐይኑ አይቶ የሣለውን ነው፤ የእናቱን እጅ፥ የአውቶቡስ ተሳፋሪውን፥ የተኛውን ድመት። (ለመግባት የሚዘጋጅ ልጅ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። የጃፓንን የሥዕል ታሪኮች ገልብጦ የሞላው ደብተር ምን ቢያምር ብዙ አይጠቅመውም።)

እንግዲህ ወደ ደብተሩ እንመለስ። ልብስ ያልለበሰውን ሰው የሚሥሉበት ምክንያት ምንድን ነው? የዋልት ዲስኒ የፊልም ቤት በ1932 ዶን ግራሃም የሚባለውን የሥዕል መምህር ቀጥሮ፥ ሠዓሊዎቹ ማታ ማታ በዚያው በሥራ ቤታቸው ሕያው ሰው እያዩ እንዲሥሉ ያደርግ ነበር። ሰዎቹ እኮ ሥራቸው አይጥና ዳክዬ መሣል ነበር! ነገር ግን አይጥም ቢሆን ሲራመድ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር አለበት፤ ወገቡ በአንድ በኩል ሲወርድ ትከሻው በዚያው በኩል ይነሣል። ይህን በልብስ ላይ ማየት አስቸጋሪ ነው። በ1937 የወጣው ስኖው ዋይት የተባለው ረጅም ፊልም የዚህ የማታ ትምህርት ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እናቲቱ ይህን ስንነግራቸው፥ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች እንዲህ ሳይማሩ ያን የመሰለ ሥዕል ይሥሉ የለም ወይ?» አሉን። ጥያቄው ጥሩ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ግን በፊቱ ቆመን የምንጸልይበት ነው፤ በቆየው ሥርዐት ጻድቁ ሙሉ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያየናል፥ ክፉው ደግሞ ከጎን በአንድ ዐይን ይሣላል። ይህ ሥዕል ከቦታው ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ እንዲራመድ ማንም አይጠይቀውም። የልጅቱ ሥዕል ግን መነሣት፥ መራመድ፥ ደረጃ መውጣትና መውደቅ አለበት። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስለ ሆኑ ትምህርታቸውም ይለያያል፤ አንዱን በሌላው መመዘን አይገባም።

ልጅቱም እናቷ በጠየቋት ጊዜ፥ በመጀመሪያው ቀን ዐይኗን ወደ መሬት አቀርቅራ እንደ ነበር፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የምታየው የሰውየው ክብደት በየትኛው ተረከዝ ላይ እንዳረፈ ብቻ እንደ ነበር ነግራቸዋለች። ይህ መልስ ሁሉን ሰው አያሳምን ይሆናል፤ እኛን አሳምኖናል። ኅሊናው የማይፈቅድለት ተማሪ ቢኖርም ሳይሸሽግ ለመምህሩ አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል እንላለን፤ ከክፍሉ በስውር መቅረት ግን ትምህርቱንም ኅሊናውንም አይጠቅምም።

ከሥዕሉ ቀጥሎ የሚመጣው ኳስ ነው። አንባብያን እንዳይስቁብን እንጂ፥ ብዙው ጀማሪ በኮምፒዩተር የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ የሚነጥር ኳስ ነው። በሲኒማ ልማድ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕሎች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ተማሪው ኳሱ በእያንዳንዱ ሥዕል የት እንደሚሆን መወሰን አለበት። ከላይ ሲደርስ ይዘገያል፥ ስለዚህ ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፤ ሲወርድ ይፈጥናል፥ ስለዚህ ይራራቃሉ፤ መሬት ሲነካ ጠፍጠፍ ይላል፥ ሲነሣ ይረዝማል። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የተባሉት የዲስኒ ሠዓሊዎች በ1981 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህንና ሌሎችን ደንቦች ጨምረው በ12 መድበዋቸዋል፤ ተማሪዎች ዛሬም የሚማሩት እነዚህኑ ነው። መሣሪያው መካከለኛዎቹን ሥዕሎች በራሱ ሊሞላ ይችላል። ያለ ሰው ዐይን የሞላው ኳስ ግን በውኃ ውስጥ የሚዋኝ እንጂ የወደቀ አይመስልም። ስለዚህ አንድ ተማሪ ለጥቂት ሴኮንዶች ኳስ ብዙ ሌሊት ቢያመሽ፥ ወላጁ «ሲጫወት አደረ» አይበለው። መላው በኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም በ1995 የወጣው ቶይ ስቶሪ ነው፤ ርዝመቱ 81 ደቂቃ ሲሆን ከ114 ሺህ በላይ ሥዕሎች ነበሩት። ከእነዚያም ሥዕሎች አንዳንዱን ብቻውን አስልቶ ለማውጣት ኮምፒዩተሩ ብዙ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

አሁን አባትየው ወዳነሡት ወደ ዕዳው ጉዳይ እንምጣ። በእንግሊዝ አገር በ2025/26 የትምህርት ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ የአገሩን ተማሪ ሊያስከፍል የሚችለው ከፍተኛው ገንዘብ 9,535 ፓውንድ ነው። ክፍያው ከዓመት ዓመት ባይጨምር እንኳ ለሦስት ዓመት 28,605 ፓውንድ ይሆናል፤ የቤት ኪራይና ቀለብ በዚህ ውስጥ የለም። ቍጥሩ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ የመኖሪያ መስፈርቱን ለሚያሟላ ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው ብድር ባንክ ከሚያበድረው ገንዘብ የተለየ ነው። ተበዳሪዋ ልጅቱ ናት እንጂ አባቷ አይደሉም። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ሰው ዓመታዊ ገቢው ከ25,000 ፓውንድ ካልበለጠ ምንም አይከፍልም፤ ከበለጠ ከትርፉ ላይ ከመቶ 9 ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል በዓመት 30,000 የምታገኝ ልጅ በዓመት የምትከፍለው 450 ፓውንድ ነው። በ40 ዓመት ውስጥ ያልተከፈለው ይሰረዛል። ወለድ አለው፤ 40 ዓመትም ረጅም ዕድሜ ነው፤ ይህን አንሸሽግም። ነገር ግን አባትየው እንደ ፈሩት ቤት የሚያስሸጥ ዕዳ አይደለም።

የኮምፒዩተር ፕሮግራሞቹን ዋጋ በተመለከተ ደግሞ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ብሌንደር የተባለው ፕሮግራም ለማንም ሰው በነጻ የሚሰጥ ነው። ፍሎው የተባለው፥ አንድ ድመት ከጥፋት ውኃ ሲሸሽ የሚያሳየው የላትቪያ ፊልም በዚሁ በነጻው ፕሮግራም ተሠርቶ፥ በመጋቢት 2025 የኦስካርን የአኒሜሽን ሽልማት ወስዷል። በፊልሙ ውስጥ አንድም ሰው አይናገርም። አዲስ አበባ ሆኖ ይህን ጥበብ የሚመኝ ልጅም በዚሁ ፕሮግራም ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፤ መብራትና ደኅና ኮምፒዩተር ካገኘ ማለታችን ነው።

ስለ እንጀራው ግን ወላጆችን በጣፋጭ ቃል ልናታልል አንወድም። ከ2022 ወዲህ ሰው በጽሑፍ ያዘዛቸውን ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች ለሕዝብ ተሠራጭተዋል፤ በ2023 የሆሊውድ ጸሐፊዎችና ተዋንያን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካሰሟቸው አቤቱታዎች አንዱ ስለዚሁ ነበር። ለንደን ውስጥ ትልቅ የፊልም ሥዕል ሥራ ቤት የነበረው ቴክኒከለር በ2025 መጀመሪያ ላይ ሲዘጋ ብዙ የሠለጠኑ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ አጥተዋል። በዚህ ሙያ ያለው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ፊልም ወይም ለጥቂት ወራት የሚዋዋሉበት ስለ ሆነ፥ ደመወዝ የማይመጣባቸውን ወራት ማለፍ የሚችል ቤተ ሰብ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ሙያው በፊልም ብቻ አይወሰንም፤ ጨዋታ ሠሪው፥ የሕንፃ ንድፍ አውጪው፥ የሕክምና መምህሩ፥ የሕፃናት መምህርቷም ይፈልጉታል። በአገራችን ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ዝግጅት፥ አንዲት አሻንጉሊት ቀጭኔ ስንት ሕፃናትን በአማርኛ ልታስተምር እንደምትችል አሳይቶናል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ለእናቲቱ ሰጠናቸው። አባትየው ያንብቡት አያንብቡት እንጃ። ከገና በኋላ ግን እናቲቱን ዳግመኛ አግኝተናቸው የሆነውን አጫወቱን። ልጅቱ ለበዓሉ መጥታ፥ በዋዜማው ማታ ከቅዳሴ በፊት ሁለት ኳሶች ሠርታ በኮምፒዩተሯ ለአባቷ አሳየቻቸው፤ አንዱ የጎማ፥ ሁለተኛው የብረት ነው። አባትየው ሃያ ዓመት ሙሉ የለንደንን ቀይ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ደጋግመው አዩና፥ «ሁለተኛው ብረት ነው ብለሽኛል፤ ታዲያ ለምን ቀልሎ ይነሣል? ከባድ ነገር እኮ ሲቆም እንኳ ቶሎ አይቆምም» አሏት። ልጅቱም «መምህሬም ያለኝ እሱኑ ነው፤ ግን የቱ ጋ እንደ ሆነ አላገኘሁትም» አለቻቸው። አባትየው ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጉ።

«እኔ ነጠላዬን ለብሼ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው» አሉን እናቲቱ እየሣቁ፥ «ለቅዳሴው ዘግይተን ደረስን።»