የጨቅላውን ምርመራ ሳይሠራ አይመረቅ

ኮምቦልቻ ላይ የተወለደ ጨቅላ በሁለተኛ ቀኑ አረንጓዴ ቢያስመልሰው፣ ቤተሰቡ ዳገቱን ይዞ ወደ ደሴ መውጣቱ አይቀርም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ትውከት አንጀት ተጠማዞ ደም ሊቋረጥበት መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ቀዶ ሐኪሙ በሰዓታት ውስጥ መወሰን አለበት። ለዚህም በራጅ የሚታይ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ሆዱ ውስጥ ገብቶ መንገዱን መከታተል ያስፈልጋል። ሦስት ኪሎ በማይሞላ ገላ ላይ ይህን የሚሠራው ሐኪም ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሠርቶት ያውቃል?

አቋማችን ግልጽ ነው። የራዲዮሎጂ ሬዚደንት የጨቅላ ሕፃናትን የምስል ምርመራዎች አሠልጣኙ እያየው፣ በገዛ እጁ፣ በመዝገብ በተያዘ ቁጥር ሳይሠራ መመረቅ የለበትም። ፊልም ማንበብ ብቻውን አይበቃም። ጨቅላ «ትንፋሽህን ያዝ» ቢሉት አይሰማም፤ ቶሎ ይበርደዋል፤ ጨረርም ከአዋቂ ይልቅ ይጎዳዋል። ክፍሉን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ሕፃኑን መጠቅለል፣ ፈሳሹን በሲሪንጅ ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ በቂ ምስል እንደተገኘ ጨረሩን ማቆም በንባብ አይለመድም።

አልትራሳውንድማ ጨረርም የለው፣ አልጋው ድረስ ይሄዳል። እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡት እርግብግቢት ለራዲዮሎጂስት ወደ አንጎል የሚያሳይ መስኮት ነው፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ በዚያ ይታያል፣ መሣሪያውን የያዘው እጅ ከለመደ።

በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት በመጀመሪያ ወራቸው የሚሞቱት በ2008 ዓ.ም. 29፣ በ2011 ዓ.ም. 33 ነበሩ። ሁሉም በምስል እጦት ሞቱ አንልም። ሊድኑ የሚችሉት ግን ሰዓት እንዳያልፍባቸው እንሰጋለን።

በ2014ቱ ጦርነት የተዘረፈውን የደሴ ሆስፒታል መልሶ ለማደራጀት ወገን ተረባርቧል። ማሽን መለመን ለምደናል፤ ባለሙያ ግን በልመና አይገኝም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሕፃናት ራዲዮሎጂ ንዑስ ስፔሻሊቲ ሥልጠና ይበል የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ተመራቂዎቹ ለሁሉም ከተማ አይዳረሱም። በየክልሉ ሌሊት የሚጠራው አጠቃላይ ራዲዮሎጂስቱ ነው።

«በጨቅላ ላይ መለማመድ ነውር ነው» የሚል ይኖራል። ልምምዱ በአሻንጉሊት ይጀመር፣ ከዚያ በአሠልጣኝ አጠገብ ይቀጥል። ነውሩ ሐኪሙ ብቻውን ተረኛ በሆነበት ሌሊት መጀመሩ ነው።

ጤና ሚኒስቴርና ዩኒቨርሲቲዎች ይህን የምረቃ መስፈርት ያድርጉት፤ ሬዚደንቶችንም በፈረቃ ወደ ደሴ ይላኩ።