ቪላ እና ቪለን

ቪላ ቤት የማይመኝ የለም። ፊልም ላይ ደግሞ ክፉውን ሰውዬ «ቪለን» እንለዋለን። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እናታቸው ላቲን ናት። በሮማውያን ዘመን «ቪላ» ማለት ከከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የባለጸጋ ቤት ከነእርሻው ነበር። በኋላ እዚያ እርሻ ላይ የሚሠራው ሰው «ቪላኑስ» ተባለ፤ የቪላው ሰው እንደ ማለት። በዚያን ጊዜ ቃሉ የሚሠራበትን ቦታ ከመናገር በቀር ስድብ የለበትም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እዚያም «ቪለን» ማለት ከጌታው መሬት ጋር የታሰረ ገበሬ ሆነ። ያለ ፈቃድ ከቦታው አይለቅም። የጌታውን ማሳ ያለ ክፍያ ያርሳል። ሴት ልጁን ሲድር እንኳ ለጌታው ይከፍላል። በ1381 ገበሬዎች አምፀው ለንደን ገቡና የ14 ዓመቱን ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድን ከዚህ እስራት እንዲያወጣቸው ጠየቁት። ንጉሡም እሺ ብሎ በጽሑፍ ሰጣቸው፤ አመፁ ሲበርድ ግን ቃሉን አጠፈ።

ገበሬው ነፃነቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ተቀማ። በጌቶች አፍ ገበሬ ማለት ባለጌ፣ ባለጌ ማለት ክፉ ሆነና «ቪለን» የወንጀለኛ ስም ሆኖ ቀረ።

የጌቶቹስ ቃላት? «ጀንትል» ከላቲኑ «ጄንቲሊስ» የመጣ ነው፤ መነሻው የአንድ ዘር ሰው፣ ኋላ የደህና ዘር ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ለስላሳና ደግ ማለት ነው። ለጋስ የምንልበት «ጄነረስ»ም ሲነሳ ከትልቅ ቤት የተወለደ ማለት ነበር። ደግነት በዘር የሚወረስ ይመስል!

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ቃል ይለወጣል» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ዛሬ «ቪለን» ሲባል ገበሬ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። የእኔ ጭንቀት ግን እዚሁ ቤታችን ነው። «ጨዋ» ስንል የደህና ቤተሰብ ልጅም፣ ሥነ ምግባር ያለውም ማለታችን ነው። «ባላገር» ደግሞ ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት የሚል ቃል ነው። ምን እንዳደረግነው ታውቃላችሁ።

ባለፈው ታክሲ ውስጥ አንድ አባት «ወራጅ አለ» ማለቱን ሳያውቁበት መውረጃቸው አለፋቸው። ረዳቱ «ባላገር!» ብሎ ጮኸባቸው። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ወዲያው ግን አፈርኩ፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ ነው። ያስተማረኝም ጤፍ ሸጦ ነው።

የእንግሊዞቹ ቃል ርቆ ሄዷል፤ አይመለስም። የእኛው ግን ገና አፋችን ላይ ነው። ከእንግዲህ «ባላገር» የሚለኝ ካለ፣ «አዎ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ» እለዋለሁ።